መርከብን በጠረጴዛ ላይ ስለ መሥራት

የመርከብ አምሳያ ከእንጨት ይሠራል ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የልጆች መጫወቻ ነው። በልጅነታችን የባሕር ዛፍ ቅርፊት ጠርበን፣ በመካከሉ ስንጥር ተክለን፣ በክረምት ጎርፍ ላይ የለቀቅነው ሁሉ መርከብ ይባል ነበርና እንዲህ ቢታሰብ አያስደንቅም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሌላ ዐይነት ሥራ ነው። ይኸውም በእርግጥ የነበረች አንዲት መርከብ ተመርጣ፣ ልኳ ከሥዕል ተወስዶ፣ አከርካሪዋም፣ ጎድኗም፣ ጣውላዋም፣ ገመዷም በየተራው በእጅ ተሠርቶ በጠረጴዛ ላይ እንድትቆም ማድረግ ነው። በትርፍ ሰዓት ብቻ ለሚሠራ ሰው ሥራው ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይፈጃል። ከትምህርት ሰዓት የተረፈውን ጊዜ በዚህ ማሳለፍ ምን ይረባል የሚሉን ጓደኞች አሉ፤ መልሳችንን ከሥራው ጋር እያያዝን ቀስ በቀስ እንሰጣለን።

ለምሳሌ የመረጥናት መርከብ ቫሳ የምትባለው የስዊድን የጦር መርከብ ናት። (ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ከተሠሩት መርከቦች መካከል እንደ እርሷ ሙሉ ሆና የተገኘች ስለሌለች፣ እያንዳንዱን እንጨት ከራሷ ከመርከቢቱ ላይ ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ትልቋ ቫሳ የተሠራችው ያለ ሥዕል ነው፤ እኛ ግን ያለ ሥዕል አንዲት ጎድን እንኳ መቁረጥ አንችልም። ይህ ልዩነት ከሥራው ሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል።

ቫሳ በስቶክሆልም የተሠራችው በንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ዘመነ መንግሥት ነው። ሥራውን ይመራ የነበረው ሄንሪክ ሂበርትሶን የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የመርከብ ሊቅ ነበር፤ መርከቢቱ ሳታልቅ በ1627 ዓ.ም. ስለ ሞተ ሌሎች ፈጸሙት። ከፊቷ ከሚወጣው ምሰሶ ጋር ርዝመቷ 69 ሜትር፣ ወርዷ 11.7 ሜትር፣ ከአከርካሪዋ ሥር እስከ ዋናው ምሰሶ ጫፍ ከፍታዋ 52.5 ሜትር ነው። መድፎቿ 64 ነበሩ፤ ከነዚህም 48ቱ 24 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩሱ፣ በሁለት ደርብ የተደረደሩ ከባድ መድፎች ናቸው። ኦገስት 10 ቀን 1628 ዓ.ም. ሕዝብ በወደቡ ዳር ቆሞ እየተመለከታት ለመጀመሪያ ጉዞዋ ተነሣች። ከዐሥሩ ሸራዎቿ የተዘረጉት አራቱ ብቻ ነበሩ። 1,300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ድንገት የመጣ ነፋስ በግራ ጎኗ አዘነበላት፤ ክፍት በነበሩት የታችኛው ደርብ የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባባት፤ በ32 ሜትር ጥልቀት ውስጥም ሰጠመች። 30 ያህል ሰዎች ሞቱ።

ከሰጠመች በኋላ እንጨቷ ያልጠፋው ባልቲክ ባሕር ጨው ስለሚያንሰው ነው። በሌላ ባሕር የሰጠመ እንጨት የሚቦረቡረው የመርከብ ትል በዚያ ውኃ መኖር አይችልም። አንደርስ ፍራንሴን የተባለ ሰው በ1956 ዓ.ም. ያለችበትን አገኘ፤ ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ዓ.ም. ከ333 ዓመት በኋላ ከውኃው በላይ ወጣች። ከዚያም እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ነገር በውኃ እየተበጠበጠ ለ17 ዓመት ተረጨባት። ዛሬ ስቶክሆልም ውስጥ በ1990 ዓ.ም. በተከፈተው ሙዚየም ቆማለች።

እንግዲህ ወደ ሥራችን እንግባ። ሥራው የሚጀምረው በመጋዝ ሳይሆን በእርሳስ ነው። የመርከብ ሥዕል ሦስት መልክ አለው፤ አንደኛው መርከቢቱን ከጎን ያሳያል፣ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ያያታል፣ ሦስተኛው ከፊትና ከኋላ ያሳያታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየውን ሰው የሚያደናግረው ሦስተኛው ነው። በመካከሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወርዳል፤ ከመስመሩ በስተ ቀኝ የፊተኞቹ ጎድኖች ቅርጽ፣ በስተ ግራ የኋለኞቹ ጎድኖች ቅርጽ ይሣላል። የመርከብ ግራና ቀኟ እኩል ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ግማሽ ግማሹን መሣል ይበቃል። የጂኦግራፊ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ይህን ከሌሎቻችን ቀድመው ይረዱታል፤ በካርታ ላይ የተራራን ከፍታ የሚያሳዩት የተጠማዘዙ መስመሮች የዚህ ሥዕል ዘመዶች ናቸውና። ካርታው ተራራውን አግድም ይቆርጠዋል፤ ይህኛው ሥዕል መርከቢቱን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣታል። መጽሔታችን በስቴንስል የሚባዛ ስለ ሆነ ሥዕሉን ለማውጣት አልተመቸንም፤ አንባቢ በወረቀት ላይ እየሞከረ ቢከተለን ይቀለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልክን ማሳነስ ነው። እኛ የያዝነው አንድ ለ75 ነው፤ ይኸውም በትልቋ መርከብ ላይ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሁሉ በትንሿ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ ቫሳ 92 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15.6 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖራታል። በአንድ የጥናት ጠረጴዛ ላይ ትቆማለች፤ ነገር ግን ለመጻሕፍት ቦታ አትተውም። 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መርከበኛ 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከካርቶን ላይ 22 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰው ቆርጦ ሁልጊዜ በኪስ መያዝ ጥሩ ነው። በር ወይም ደረጃ በተሠራ ቁጥር ሰውየውን አጠገቡ ማቆም ነው፤ ጎንበስ ሳይል የማይገባ ከሆነ፣ ወይም ደረጃው እስከ ወገቡ የሚደርስ ከሆነ፣ ስሕተቱ ያለ ማስመሪያ ይታያል።

ስለ እንጨቱ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። ቫሳ የተሠራችው ከወርካ ዘመድ ሳይሆን ኦክ ከሚባለው ጠንካራ የኤውሮጳ ዛፍ ነው፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዛፎች ተቆርጠውላታል። ታዲያ ትንሿም ከኦክ ብትሠራ ይበልጥ እውነተኛ አትሆንምን? አትሆንም። መርከብን በ75 ማካፈል ይቻላል፤ የእንጨትን ጅማትና ቀዳዳ ግን ማንም ማካፈል አይችልም። በትልቅ ሰሌዳ ላይ ሲያዩት የሚያምረው የኦክ ጅማት በ4 ሚሊ ሜትር ጣውላ ላይ ሲታይ ቦይ የተቆፈረበት ይመስላል። ስለዚህ የሚፈለገው ጅማቱ ደቃቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። በኤውሮጳ ያሉት ሠሪዎች የፒር ዛፍ እንጨት ይወዳሉ። በአገራችን ዝግባ ለጣውላው ይስማማል፤ ልስልስና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ ሲታጠፍም ይታዘዛል። ወይራ ግን ለትናንሾቹ ክፍሎች ነው፤ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ ላይ ሦስት ቀዳዳ ቢበሳበት አይፈረፈርም። ይህን ሁሉ ለማግኘት ዛፍ መቁረጥም ሆነ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ በአናጢ ቤት ወለል ላይ የሚወድቀው ቁራጭና የተሰበረ ወንበር እግር ለአንድ መርከብ ይተርፋል።

መሣሪያውም ብዙ አይደለም። ቀጭን መጋዝ፣ ትንሽ መላጊያ፣ ሞረድ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ፣ ወረንጦ፣ ብዛት ያለው ስፒልና የልብስ መቆንጠጫ ካለ ይበቃል። ወረንጦው እሾህ ለማውጣት ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው በዚህ ሥራ አሳቡን ይለውጣል።

አከርካሪው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። በላዩም በየቦታው ጎድኖቹ የሚገቡባቸው ስንጥቆች ይበጃሉ። ጎድኖቹ ከሦስተኛው ሥዕል ተገልብጠው አንድ በአንድ ይቆረጡና በስንጥቆቹ ውስጥ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ጎድን ለአከርካሪው ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱ በማዕዘን መለኪያ ሳይረጋገጥ ኮላ አይነካውም። ቀጥሎ ረጅም ስስ ጣውላ ይወሰድና ከጎድን ወደ ጎድን ይጋደማል። ጣውላው የጎድኑን ጠርዝ ብቻ ከነካ፣ ጠርዙ ሙሉ በሙሉ እስኪያርፍበት ድረስ በሞረድ ይሰላል። ይህ ሥራ አሰልቺ ስለ ሆነ ብዙዎች ይዘሉታል። ውጤቱም በመጨረሻ ጊዜ በመርከቢቱ ጎን ላይ እንደ ራበው በሬ ጎድን ተቆጥሮ ይታያል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ ቦታ እኛ የምንሠራው ትልቋ ከተሠራችበት መንገድ ፍጹም ተቃራኒ ነው። እኛ መጀመሪያ ጎድን እናቆማለን፣ በኋላ ጣውላ እናለብሳለን። በሆላንድ ልማድ የሠሩት የቫሳ አናጢዎች ግን አከርካሪውንና የፊትና የኋላውን ምሰሶ ካቆሙ በኋላ በቅድሚያ የሆዷን ጣውላዎች ጎን ለጎን ገጥመው፣ በጊዜያዊ ማያያዣ ይዘው፣ ቅርጹን በዐይናቸው ያወጡ ነበር። ጎድኑ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ጣውላው በሰጠው ቅርጽ ተጠርቦ ነው። ሥዕል ያላስፈለጋቸውም ስለዚህ ነው። ርዝመቷ ይህን ያህል ከሆነ ወርዷ ይህን ያህል ይሁን የሚል ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ደንብ በራሳቸው ውስጥ ነበር፤ የቀረውን ዐይንና እጅ ይፈጽሙታል።

ይህን ስንሰማ ያልተማረ ሥራ ነው ብለን ለመፍረድ እንዳንቸኩል ጣናን እናስታውስ። በጣና ዳር ደንገል አስሮ ታንኳ የሚያወጣ ሰው አንድም ሥዕል አይዝም፤ የእስሩን ውፍረት በእቅፉ፣ ርዝመቱን በእርምጃው ያውቃል፤ ታንኳውም እህልና ሰው ጭኖ ይሻገራል። ይህ የሆነው ግን ታንኳው ከአያቱ ታንኳ የተለየ ስላልሆነ ነው። ስሕተቱ ሁሉ ቀደም ባሉት ትውልዶች ተፈትኖ አልቋል። ቫሳ ግን ለሠሪዎቿ አዲስ ነገር ነበረች፤ ሁለት ሙሉ ደርብ ከባድ መድፍ የምትሸከም መርከብ እንዴት እንደምትሆን የሚነግር የአባት ደንብ አልነበረም። የለመደውን ነገር የሚደግም እጅ አይሳሳትም፤ ያልለመደውን ነገር ሲያዙት ግን ወረቀትና ስሌት ያስፈልጉታል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በተቃራኒው ነን፤ ወረቀቱና ስሌቱ አለን፣ እጁ የለንም። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ዛሬ በአፍ ላይ ቢቀንስም፣ ምስማር መምታት ለተማረ ሰው አይገባም የሚል አሳብ ከመካከላችን ፈጽሞ የጠፋ አይመስለንም። አንድ ጎድን በሞረድ ለማስላት ሦስት ምሽት የፈጀ ተማሪ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አናጢ ቤት ሲገባ ሰላምታው ራሱ ይለወጣል።

ወደ ጣውላው እንመለስ፤ የሥራው ልብ ይህ ነውና። የመርከብ ሆድ በመካከሉ ሰፊ ነው፣ ወደ ፊቷ ሲሄድ ይጠብባል። ወርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ጣውላ እንዲህ ባለ ሆድ ላይ ቢለጠፍ ጫፍ ጫፉ ይደራረባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣውላ እንደ ቦታው መሳሳት አለበት። በስንት ይሳሳ የሚለውን ለማወቅ አንድ የወረቀት ጥብጣብ ወስዶ በየጎድኑ ላይ ከአከርካሪው እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ መለካት ነው። ለምሳሌ በመካከለኛው ጎድን ላይ 120 ሚሊ ሜትር ቢገኝና 30 ጣውላ ቢያስፈልገን፣ ለያንዳንዱ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። በፊተኛው ጎድን ላይ የተለካው 75 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ እነዚያው 30 ጣውላዎች በዚያ ቦታ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ጎድን ላይ እንዲህ እያካፈልን ምልክት ካደረግን የጣውላው መንገድ ሁሉ አስቀድሞ ይታወቃል። ጣውላው ከወርዱ ግማሽ በታች እንዲሳሳ ስሌቱ ካዘዘ ግን መታዘዝ አይገባም፤ እንዲህ የሳሳ ጫፍ ስፒል አይዝም። በዚያን ጊዜ ሁለቱን ጣውላዎች በአንድ ማሳረፍ ይሻላል። ወደ ኋላዋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ክፍተት ይመጣል፤ ልብስ ሰፊ በብብት ሥር እንደሚጨምረው ቁራጭ ሾጣጣ ጣውላ ይጨመርበታል። እውነተኞቹ መርከብ ሠሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ጣውላውን ለማጠፍ ለጥቂት ጊዜ በፈላ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሙቅ ማሰሮ ወይም ቱቦ ላይ ቀስ እያሉ መጫን ነው። ሲለጠፍም አንድ በግራ ከሆነ አንድ በቀኝ መሆን አለበት። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የኮላውና የታጠፈው እንጨት ጉልበት አከርካሪውን እንደ ቀስት ይለምጥበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም።

ስለ ግራና ቀኝ ካነሣን ዘንድ፣ ትልቋ ቫሳ ራሷ በዚህ ረገድ ጉድ አለባት። በውስጧ አራት የአናጢ ማስመሪያዎች ተገኝተዋል፤ ሁለቱ 12 ኢንች ባለው የስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ 11 ኢንች ባለው የአምስተርዳም ጫማ የተከፈሉ ናቸው። መርከቢቱ በጥንቃቄ በተለካች ጊዜም ግራና ቀኟ እኩል ሆኖ አልተገኘም። በአገራችን ገበያ ሸማ በክንድ ሲለካ ገዢው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይመጣ እንደ ነበር ሁላችንም ሰምተናል፤ በስቶክሆልምም የሆላንዱና የስዊድኑ አናጢ አንዱ ሌላውን ጫማ ሲል የሰማው እንደየአገሩ ነበር። አምሳያ ሠሪው ታዲያ ምን ያድርግ? እኛ የምንመክረው ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ መሥራት ነው። በ75 የተካፈለው ጉድለት ተመልካቹን የሠሪው ጉድለት ያስመስለዋል እንጂ የቫሳ መሆኑን የሚያውቅለት የለም።

በዚህ ቦታ ሥራውን ማቆም ራሱ አንድ መንገድ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ እንግሊዞች የሠሯቸው ታላላቅ አምሳያዎች፣ ልካቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ለ48 ሆኖ፣ የታችኛው ሆዳቸው ጣውላ አይለብስም ነበር፤ ጎድኑ ሁሉ እንዲታይ ይተዉት ነበር። ይህን ሲያዩ ጣውላውን አለማልበስ የስንፍና ብቻ ምልክት እንዳልሆነ ይታወቃል።

ወለሉ፣ መስኮቶቹና መድፎቹ ብዙ የሚያስቸግሩ አይደሉም፤ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቁም። የሚያስቸግረው ጌጡ ነው። ቫሳ 700 ያህል ቅርጻ ቅርጾች ነበሯት፤ ነገሥታት፣ አንበሶች፣ መላእክትና የጥንት ሮማ ሰዎች በኋላዋ ላይ ተሰልፈዋል። በፊቷ የሚዘለው አንበሳ 3 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በእኛ ልክ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህን በምላጭ ቢላ መቅረጽ ይቻላል። ትናንሾቹን ሁሉ መቅረጽ ግን የሚችል ጥቂት ነው። የእጅ መስቀል የሚጠርብ ሰው ያየ ተማሪ አንድ ዘዴ ያውቃል፤ ቁራጩን ከግንዱ አይለዩትም፣ ጫፉን ቀርጸው ሲጨርሱ ነው የሚቆርጡት። እንዲህ ካልሆነ የሚያዝበት ቦታ የለውም።

ስለ ቀለሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀደም ብለው የተሠሩ ብዙ የቫሳ አምሳያዎች በላይኛው ክፍል ሰማያዊ፣ ቅርጻቸው ሁሉ ወርቅ ቅብ ነው። በእንጨቱ ላይ የቀሩት የቀለም ቅንጣቶች በላቦራቶሪ ከተመረመሩ በኋላ ግን መደቡ ቀይ እንደ ነበረ፣ ምስሎቹም እንደ ሰው ሥጋና ልብስ በብዙ ደማቅ ቀለም የተቀቡ እንደ ነበሩ ታውቋል። ስለዚህ ሰማያዊ ቫሳ ያየ ሰው የአምሳያውን ዕድሜ ሊገምት ይችላል። አዲስ የሚሠራ ሰው ቀዩን ይያዝ።

ከዚህ በኋላ ምሰሶና ገመድ ይመጣል። ገመዱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ምሰሶውን ከግራ፣ ከቀኝና ከፊት ወጥሮ የሚይዝ ነው፤ ይህ በሬንጅ ስለሚቀባ ጥቁር ነው። ሁለተኛው ሸራውንና ሸራ የሚሸከመውን አግዳሚ እንጨት የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ይህ በየጊዜው በእጅ ስለሚሳብ ሬንጅ አይቀባም፣ መልኩም እንደ ገለባ ነው። ከሱቅ የተገዛ የስፌት ክር ለዚህ አይሆንም፤ ሲያዩት ክር እንጂ ገመድ አይመስልም። ገመዱን መሥራት ይሻላል። ሦስት ክር ጎን ለጎን ወጥሮ፣ መጀመሪያ ከተፈተሉበት አቅጣጫ በተቃራኒ ማክረር ነው፤ ክሮቹ ወደ ኋላ ለመፈታት ሲሞክሩ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። እናቶቻችን በእንዝርት የሚሠሩት ይህንኑ ነውና ሥራው እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀጥሎ ገመዱ በሰም ይሳባል፤ ጧፍ ሲሠራ እንዳየነው ማለት ነው። ሰሙ የክሩን ጸጉር ያስተኛል፣ እርጥበትም ይከለክላል። ጥቁር እንዲሆን የሚፈለገው ከሰሙ በፊት በቀለም ውኃ ይነከራል።

አስተሳሰሩ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ላይ ነው፤ አለዚያ የመጨረሻዎቹን ቋጠሮዎች ለመቋጠር ጣት መግቢያ ያጣል። የጎን ገመዶችም እንደ ጣውላው አንድ በቀኝ አንድ በግራ ይታሰራሉ፤ ምሰሶው ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል። በጎን ገመዶቹ ላይ መርከበኞች የሚወጡበት መሰላል አለ፤ በእርምጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት በእኛ ልክ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ቋጠሮው በመቶ ሳይሆን በሺህ ይቆጠራል። ፈተና በሚቀርብበት ሰሞን ይህን ሥራ የጀመረ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን መተው አለበት።

መርከቢቱ ስትጠናቀቅ ብዙ ሰው የሚጠይቀው፣ ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች ወይ ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የቫሳም ነገር ያለው በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው። ትልቋ ከነጭነቷ 1,210 ቶን ያህል ትመዝናለች ይባላል። ርዝመት በ75 ሲካፈል ክብደት በ75 ሦስት ጊዜ፣ ማለት በ421,875 ይካፈላል፤ ትንሿ እንግዲህ 2 ኪሎ ከ870 ግራም ያህል ብትመዝን ውኃው በትክክለኛው መስመሯ ላይ ይደርሳል። በትልቋ ሆድ ውስጥ ለማመዛዘን የተጫነው 120 ቶን ድንጋይ በትንሿ ውስጥ 284 ግራም ብቻ ይሆናል። ይህን አድርጎ በገንዳ ውስጥ ማኖር ይቻላል። ነገር ግን አንድ ሰው እፍ ቢልባት ትገለበጣለች።

ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይገኛል። ነፋስ መርከብን የሚያዘነብልበት ጉልበት እንደ ሸራው ስፋትና እንደ ሸራው ከፍታ ነው፤ ስፋት ሁለት ጊዜ፣ ከፍታ አንድ ጊዜ ርዝመት ስለ ሆነ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ርዝመት ነው። መርከቢቱ ቀጥ ብላ የምትመለስበት ጉልበት ግን እንደ ክብደቷና ክብደቷ እንደሚሠራበት ርቀት ነው፤ ሦስት ጊዜና አንድ ጊዜ ሲደመር አራት ጊዜ ርዝመት ይሆናል። ስለዚህ መርከብ በ75 ስታንስ፣ የመመለሻ ጉልበቷ ከሚያዘነብላት ጉልበት ይልቅ ሌላ 75 ጊዜ ይቀንሳል። በውኃ ላይ እንዲሄዱ የሚሠሩ አምሳያዎች ከሥራቸው በትልቋ ላይ የሌለ እርሳስ የተጫነበት ክንፍ የሚጨመርላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሿ መርከብ ቆመች ወይም ተገለበጠች ብሎ በትልቋ ላይ በቀጥታ መፍረድም አይቻልም።

የቫሳ ሠሪዎች ይህን ሊያሰሉት አይችሉም ነበር። የመርከብን ሚዛን ለማስላት የሚያስችለውን ነጥብ ፒየር ቡጌር የተባለ ፈረንሳዊ በመጽሐፍ ያወጣው በ1746 ዓ.ም.፣ ቫሳ ከሰጠመች ከ118 ዓመት በኋላ ነው። የነበራቸው ፈተና አንድ ብቻ ነበር፤ ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች በወለሉ ላይ ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ እንደ ተመላለሱ መርከቢቱ እጅግ ስለ ተንገዳገደች ፈተናው እንዲቆም ታዘዘ። ፈተናውን ያዩት ሰዎች አደጋውን አውቀዋል፤ መርከቢቱ ግን ሄደች። ከሰጠመች በኋላም ምርመራ ተደርጎ ማንም ሳይቀጣ ቀረ።

ድንጋይ ለምን አልጨመሩም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ድንጋይ ሲጨመር መርከቢቱ ወደ ውኃው ትወርዳለች፤ የታችኛው ደርብ መስኮቶችም ወደ ውኃው ይቀርባሉ። ችግሩ ከታች ያለው ክብደት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ከውኃው በላይ ያለው ክፍል ከሚገባው በላይ ከብዶ ነበር። አምሳያዋን በእጁ የሠራ ሰው ይህን ያለ ስሌት ይረዳዋል። ሆዷን ጨርሶ ወደ ላይ ሲወጣ ደርብ በደርብ ላይ፣ ወፍራም ተሸካሚ እንጨት በተሸካሚ እንጨት ላይ ሲደራረብ ያያል፤ ገና ምሰሶ ሳይቆም መርከቢቱን በሁለት ጣት ከአከርካሪዋ ይዞ ቢያነሣት ወደ ጎን ልትወድቅ ትፈልጋለች። እኛ ይህ በደረሰ ጊዜ በጉዳዩ ላይ ካነበብነው ሁሉ ይልቅ ጣታችንን አመንን።

ስለዚህ ውኃውን ትቶ መቆሚያ መሥራት ይሻላል። ከዋንዛ ሁለት ወፍራም ቁራጭ ወስዶ የሆዷን ቅርጽ ከጎድኖቹ ሥዕል ላይ ገልብጦ መቦርቦርና ጨርቅ መለጠፍ ነው። ሁለቱ መደገፊያዎች በጎድኖቹ ሥር መሆን አለባቸው፤ በጎድኖች መካከል ከሆኑ ጣውላው ከጊዜ በኋላ ይሰረጉዳል። ትልቋም ዛሬ ያለባት ጭንቀት ይኸው ነው። በውኃ ላይ ስትሆን ሆዷን ከሁሉ ወገን እኩል ይደግፋት ለነበረው ውኃ፣ በሙዚየሙ ውስጥ የተተካው በጥቂት ቦታ ብቻ የሚነካት መደገፊያ ነው። እንጨቷ በየዓመቱ በሚሊ ሜትር በሚቆጠር መጠን ስለሚንቀሳቀስ ሠራተኞቹ በየጊዜው ይለኳታል። ትንሿን ከመስኮት ፀሐይና ከአቧራ መጠበቅ በቂ ነው፤ አቧራው የገባባትን ገመድ ለማጽዳት ከለስላሳ የቀለም ብሩሽ የጠነከረ ነገር መጠቀም አይገባም፤ መጥረጊያ ጨርቅ ይዞ የሚቀርብን ወዳጅም በጊዜው ማስቆም ነው።